የቅዳሜ ልጅ ወንዝ አትሻገርም

የስምንት ዓመት ልጅ ፊታችሁ አስቀምጣችሁ፣ «አንቺ ዘንዶ ነሽ፤ እህትሽ አይጥ ናት፤ ዓይንሽ ካረፈባት ትውጫታለሽ» ብላችሁ ታውቃላችሁ?

አትቸኩሉ። «እኛ እንዲህ ያለ ነገር ከአፋችን አይወጣም» የምትለዋን መልስ አውቃታለሁ። እናቴም እንዲህ ያለ ነገር ከአፏ የሚወጣ ሴት አልነበረችም። ገበያ ውስጥ ሽርጥ ትሸጥ ነበር፤ ጨርቁን ስትለካ ሁልጊዜ ለገዢው ትንሽ አትርፋ ነበር የምትቆርጠው። ይህን የነገረችኝም ፀጉሬን የኮኮናት ዘይት እየቀባች፣ ድምፅዋን አለስልሳ ነው። ክፉ ነገር በለሰለሰ ድምፅ ሲነገረው ልጅ ምን ያደርጋል? ያምናል።

በኛ አገር ሰው የተወለደበት ዕለት ስሙንም እንስሳውንም ይሰጠዋል። እኔ ኒኒ የቅዳሜ ነኝ፤ የቅዳሜ እንስሳ ዘንዶ ነው። ታላቅ እህቴ ማላ የሐሙስ ናት፤ የሐሙስ እንስሳ አይጥ ነው። ሐሙስና ቅዳሜ አንድ ጣሪያ ሥር አይበረክቱም ይባላል። እኛ ግን አንድ አጎበር ሥር ነበር የምንተኛው። ማላ እግሯን ሆዴ ላይ ጭና፣ የሒሳብ ቀመር በቃሏ እየደገመች ትተኛለች፤ እኔም ቀመሩን እንደ እሹሩሩ እየሰማሁ አሸልባለሁ።

ያን ዓመት ማላ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባውን የአሥረኛ ክፍል መልቀቂያ ለሁለተኛ ጊዜ ተፈትና ነበር። ባለፈው ዓመት በሒሳብ ብቻ ወደቀች፤ በአንዱ የወደቀ ደግሞ በሁሉም ወድቋል። ፈተናው በበጋ ያልቅና ውጤቱ ከመጀመሪያው ዝናብ ጋር ይመጣል። በመሀሉ ያለውን ጊዜ ከተማው እንዴት እንደሚያሳልፈው ልጅ ሆኜ አይገባኝም ነበር። እናቶች ገበያ ላይ የጀመሩትን ወሬ ሳይጨርሱ ዝም ይላሉ። አባቶች ሻይ ቤት ተቀምጠው ያልጠጡትን ስኒ ያዞራሉ። ለጽድቅ ብሎ ዓሣ ገዝቶ ወንዝ ውስጥ የሚለቅ፣ ወፍ ገዝቶ ከቀፎ የሚያበርር ሰው ይበዛል። ለእኔ የበዓል ሰሞን ይመስለኝ ነበር።

እናቴ ዓሣም ለቀቀች፣ ወፍም አበረረች። አልበቃትም። እጄን ይዛ ወደ ኮከብ ቆጣሪው ወደ ሳያ ታውንግ ወሰደችኝ። ሳያ ታውንግ ጥርሱ እስኪቀላ ቅጠል የሚያኝክ፣ ጥቁር ሰሌዳ ላይ በነጭ ጠመኔ ቁጥር የሚጭር ሰው ነው። ቁጥሮቹን ደመረ፣ ቀነሰ፣ ከንፈሩን በእጁ ጀርባ ጠረገ።

«ልጅቷ ሐሙስ። ደህና። ቤት ውስጥ ቅዳሜ አለ?»

እናቴ እጄን ጠበቅ አደረገችው።

«አለች» አለች። «ትንሽ ልጅ ናት እኮ፣ ሳያ።»

«የዘንዶ ትንሽ የለውም።» ቀና ብሎ አየኝ። ፈገግ አልኩለት፤ የሚያመሰግነኝ መስሎኝ ነበር። «መሀላቸው ውኃ ይግባ። ውጤቱ እስኪለጠፍ ትንሿ ከወንዙ ማዶ ትቀመጥ። ከዚያ በፊት ውኃውን ተሻግራ ዓይኗን ካሳረፈችባት፣ እኔ የለሁበትም።»

«እኔ የለሁበትም» ማለት ምን ያህል ጥበብ እንደሆነ የገባኝ አድጌ ጠበቃ ከሆንኩ በኋላ ነው። ልጅቷ ብታልፍ ምክሩ ሠራ፤ ብትወድቅ ትንሿ ተሻግራለች። ሰውዬው በየትኛውም በኩል አይሸነፍም። እንዲህ ዓይነት ውል የሚጽፍ ደንበኛ እስከ ዛሬ አልገጠመኝም።

ማላ ስትሰማ ሳቀች። «ሒሳቡን የጣልኩት ኒኒ ስለዋጠችኝ ነው ለካ! እኔ ደግሞ ያላጠናሁ መስሎኝ።»

«አትሳቂ» አለች እናቴ። «አንድ ዓመት ሙሉ እንቅልፍ ያጣሁት ለሳቅ አይደለም።»

«ልጅቷን ለቀቅ አድርጊያት እማዬ። ዘንዶ ብትሆን ኖሮ ገላዋን ስታጥቢያት እጅሽን ትነክስሽ ነበር።»

አባቴ ጥግ ይዞ የሩዝ ወፍጮ ቀበቶ ይሰፋል። ማላ ግን ስሄድ እስከ ወደቡ ደረጃ ሸኘችኝ። ጉንጯን ታናካ ተቀብታ ነበር፤ ስትስመኝ ያ ሰንደል ሰንደል የሚል ቢጫ ቅባት ግንባሬ ላይ ቀረ። «ውጤቱ ሲለጠፍ ራሴ መጥቼ እወስድሻለሁ፣ ዘንዶዬ» አለችኝ። «ሌላ ሰው ቢመጣ እንዳትሄጂ።»

አክስቴ ዶ ኪን ዩ ከማዶ የዓሣ ድቁስ ትሠራለች። ግቢዋ በሙሉ የጨው እንስራ ነው። ስታየኝ ወገቧን ይዛ ቆመች።

«እንኳን ደህና መጣሽ፣ ዘንዷችን። ምሳ ሩዝ ነው የምትበዪው ወይስ ሰው?»

«ሩዝ» አልኩ።

«ተመስገን፣ ሰው አልቀቀልኩም።»

አክስቴ ክፉ አልነበረችም፤ አፏ ነው እንጂ። በዚያ ሰሞን ስሜን የጠራችኝ ጊዜ ግን ትዝ አይለኝም። ጎረቤት ሲመጣ «ይቺ ናት እንዴ?» ይላል። እሷም «ይቺ ናት» ትላለች። እኔ ወንዙ ዳር ተቀምጬ ከማዶ የሚታየውን የትምህርት ቤቱን ቀይ ቆርቆሮ አያለሁ። ከዚያ ደግሞ፣ ቆርቆሮውን ማየትም ማላን ማየት ይሆን ብዬ እፈራና ፊቴን አዞራለሁ።

አንድ ቀን ገና ሊነጋ ሲል፣ አትክልት ይዘው ወደ ከተማ የሚሻገሩት ሴቶች «ውጤቱ ዛሬ ነው» ሲሉ ሰማሁ። ሳያ ታውንግ «እስኪለጠፍ» ነበር ያለው። እኔ እስክደርስ ይለጠፋል፣ እገዳው ያበቃል፣ ማላም የጀልባ ከፍላ ከምትመጣ እኔው እቀድማታለሁ ብዬ አሰብኩ። አሁንም ደጋግሜ ስመረምረው እንከን አላገኘሁበትም። ከዚያ ሁሉ አዋቂ የተሻለ ያሰበችው ያቺ የስምንት ዓመት ልጅ ነበረች።

ጀልባዋን የምትቀዝፈው ማ ሽዌ «አክስትሽ ታውቃለች?» አለችኝ።

«አዎ።»

«ውሸታም። በይ ከጎመኑ መሀል ግቢ፤ ዝናቡ ሊጥል ነው።»

ስደርስ የትምህርት ቤቱ በር ተዘግቶ፣ ወላጁ ከአጥሩ ውጭ ጃንጥላ በጃንጥላ ላይ ሆኖ ቆሟል። ያን ያህል ሰው ተሰብስቦ የዝናቡ ድምፅ ብቻ ሲሰማ ያየሁት ያኔና አስከሬን ሲወጣ ነው። ያልተለጠፈ መሆኑን ሳውቅ ደነገጥኩ። ማላ እንዳታየኝ፣ እኔም እንዳላያት፣ በጀርባ በኩል ባለችው የአጥር ቀዳዳ ሾልኬ ከቢሮው መስኮት ሥር ተደበቅሁ።

ውስጥ ርዕሰ መምህራችን ሳያጂ ኡ ዋይ ሊንና ጸሐፊያቸው ኮ ፖ ነበሩ።

«ሳያጂ፣ የመጨረሻው ገጽ የለም» አለ ኮ ፖ።

«የለም ስትል?»

«ከላይ የመጣው ፖስታ ውስጥ የለም። የመጨረሻው መፈተኛ ክፍል ልጆች በሙሉ አልተላኩም።»

የሻይ ስኒ ማስቀመጫው ላይ ሲያርፍ ሰማሁ።

«ያለውን ለጥፍ።»

«ለወላጆቹስ ምን እንበል?»

«ምንም አትበል። ‹ገጽ ጎድሏል› ብዬ አፌን ብከፍትና በኋላ እንዲያ ባይሆን፣ መሥሪያ ቤቱን አማ ተብዬ እኔ ነኝ የምነሳው። የጎደለ ካለ በቀትሩ ጀልባ፣ ማኅተም ተመቶበት ይመጣል። እስከዚያ ትንፍሽ እንዳትል።»

ቃሉን በሙሉ ሰማሁ፤ ቃሉም በሙሉ ገባኝ። ያልገባኝ ምክንያቱ ነው። ገጹ ያልመጣው እኔ ውኃውን ስለተሻገርኩ ነው አልኩ። ዘንዶ መሀል ወንዝ ላይ አፉን ከፍቶ ወረቀቱን ሲውጥ ታየኝ። ሆዴን ዳበስኩት።

በሩ ተከፈተ። ወረቀቶቹ ግቢው ውስጥ ባለው የጣውላ ሰሌዳ ላይ ተለጠፉ። መጀመሪያ አንዲት ሴት ጮኸች፤ ከዚያ ሳቅና ልቅሶ ተደባለቀ። አንዱ አባት ልጁን ተሸክሞ ሲሮጥ ጫማው ወልቆ ጭቃው ውስጥ ቀረ። ከአንድ ክፍል አንድም ልጅ አለማለፉ በዚያ ዘመን ወሬ አልነበረም፤ ስለዚህ ማንም አልጠየቀም።

ማላ ሰሌዳው ፊት ነበረች። የወደቀ ሰው ቁጥር አይጻፍም፤ መውደቅህን የምታውቀው ራስህን በማጣት ነው። ጣቷን ወረቀቱ ላይ አድርጋ ወደ ታች ታወርዳለች። ወረቀቱ አለቀ። ጣቷ ግን አልቆመም፤ ከወረቀቱ ወጥቶ ባዶው ጣውላ ላይ፣ ቁጥር ሊኖር በማይችልበት ቦታ፣ እስከ ጠርዙ ድረስ ወረደ።

ዘወር ስትል አየችኝ።

«መጣሽ እንዴ፣ ዘንዶዬ?» አለች። እጇን እርጥብ ፀጉሬ ላይ አሳረፈችና አልፋኝ ሄደች። አልተቆጣችም። ያ ነው እስከ ዛሬ የሚያባንነኝ።

እናቴ ከኋላ ነበረች። ሮጬ ሽርጧን ያዝኩ። «እማዬ፣ ገጹ አልመጣም። ሳያጂ ሲናገሩ ሰማሁ። የመጨረሻው ገጽ የለም፤ በቀትር ጀልባ ነው የሚመጣው።»

አፌን በመዳፏ መታችኝ። እናቴ ከዚያ በፊት መትታኝ አታውቅም።

«ዝም በይ። ማን ተሻገሪ አለሽ? ማን?»

«ቅዳሜዋ ናት?» አለች አንዲት ሴት።

«ተሻግራ መጣች? ኧረ ጉድ ነው፤ በዚች ቀን?»

ጃንጥላዎቹ ከእኔ ራቁ። አካባቢዬ ባዶ ሆነና ዝናቡ እኔ ላይ ብቻ የሚዘንብ መሰለኝ። ደጋግሜ «ገጹ» አልኩ፤ ማንም አልሰማኝም። እስቲ ንገሩኝ፦ ያን ቃል የሐሙስ ልጅ ወይም የረቡዕ ልጅ ብትናገረው ኖሮ፣ ከዚያ ሁሉ ወላጅ አንዱ እንኳ የቢሮውን በር አያንኳኳም ነበር?

ማ ሽዌን ፈልገው ጀልባው ውስጥ መልሰው ከተቱኝ። ከዳር ስንርቅ ማላ ከወደቡ ደረጃ ታችኛው ላይ ተቀምጣ አየኋት። ነጠላ ጫማዋን አውልቃ፣ አጠገቧ አስተካክላ፣ ቤተ መቅደስ እንደሚገባ ሰው አስቀምጣዋለች። እጇን አወዛወዘችልኝ። እኔም አወዛወዝኩላት። ከዚያ ጀልባው ከቀርከሃው ጀርባ ታጠፈ።

ከሰዓት በኋላ አንድ ሰው ከማዶ መጥቶ ከአክስቴ ጋር በሹክሹክታ አወራ። አክስቴ ወደ እኔ ስትመጣ ፊቷን ወደ እንስራዎቹ አዙራ ነበር።

«ማላ ፈተናውን አልፋለች» አለችኝ። «በሁለት ትምህርት ልዩ ማዕረግ አግኝታ። ገጹ ዘግይቶ ነው አሉ።» ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከደስታ መስሎኝ እኔም አብሬያት አለቀስኩ። ከዚያ ወንዙ ዳር ሄጄ ማላ መጥታ እንድትወስደኝ ጠበቅሁ። ማላ አልመጣችም፤ ሌላ ሰው ቢመጣ አልሄድም ብዬ ነበርና በሰባተኛው ቀን አባቴ ሲመጣ እየጎተተ ነው የወሰደኝ።

ቤታችን በሰው ተሞልቷል። መነኮሳት ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ይበላሉ፤ የዶሮ ወጡና ሩዙ በትልልቅ ድስት ቀርቧል። ማላ ካለፈች መነኮሳት አበላለሁ ብላ እናቴ መሳሏን አውቃለሁ። ስለዚህ ስለቱ ነው ብዬ ደስ አለኝ፤ ሁለት ጊዜ ሩዝ አስጨመርኩ። እናቴ ከማንቆርቆሪያ ውኃ በጠብታ በጠብታ ወደ ሳህን ታፈሳለች፤ ሰው ሁሉ የማላን ስም ይጠራል። እንዲህ ያለ ምስጋና የቀረበለት ተማሪ በከተማችን የለም ብዬ ኮራሁ።

«እትዬ ማላስ?» አልኩ።

«ያንጎን ሄደች» አለች አክስቴ። «ዶክተር ልትሆን።»

ለእኔ አዝና የተናገረችው ውሸት ነው። በሰባተኛው ቀን ውኃ በጠብታ የሚፈሰው ነፍስ እንድትሰናበት መሆኑን ያኔ አላውቅም። እህቴ እዚያ ቤት በር እንዳልገባች፣ ከደጅ የሞተ ሰው ወደ ሰፈር አይመለስምና ወንዙ ዳር ካለው ዛፍ ሥር እንዳስተኟት፣ ፀጉሯን እንኳ እናቴ እዚያው ዝናብ ላይ እንዳበጠረችው አላውቅም።

ሳያጂ ኡ ዋይ ሊንም መጡ። ሙዝና አበባ ይዘው ነበር። ቤቱ በሙሉ ተንበረከከላቸው፤ መምህር ከወላጅ እኩል ነው። «ዕድሏ ነው» አሉ። አባቴ «ዕድሏ ነው፣ ሳያጂ» አለ። እኔ ቆሜ ቀርቼ ነበር፤ አባቴ ማጅራቴን ይዞ ግንባሬን ወለሉ ላይ አሳረፈው። ወለሉ ሩዝ ሩዝ ይሸት ነበር።

ማታ አሰብኩበት። ማላ ራሴ እወስድሻለሁ ብላ ሳትሰናበተኝ ለምን ሄደች? መልሱ ግልጽ ነበር። ፈርታኛለች። እኔ እዚያ ቤት እስካለሁ አትመጣም።

«እማዬ» አልኩ፣ «እኔ ማዶ ልኑር። እትዬ ማላ እንድትመጣ።»

እናቴ ረጅም ጊዜ አየችኝ። «አይሆንም፣ ልጄ» እንድትል ጊዜ ነበራት። ተነስታ ልብሴን አጠፈችልኝ።

አራት ዓመት ማዶ ኖርኩ። የሰው ማመላለሻው ጀልባ ጥሩምባ ሲነፋ እሮጥና ከጨው እንስራው ጀርባ ተደብቄ ዓይኔን በሁለት እጄ እሸፍናለሁ፤ ማላ ከወረደች እንዳላያት። ሰው ሁሉ ወርዶ እስኪበተን ኮቴውን እሰማለሁ። ሰው የሚጠብቅ ሁሉ መንገድ መንገድ ያያል። ዓይኑን ጨፍኖ የሚጠብቅ ልጅ አይታችኋል? በመጨረሻ አንዲት የክፍሌ ልጅ በገመድ ዝላይ ተጣልታኝ፣ «እህትሽ እኮ ድሮ ሞታለች፤ ወንዙ ከታች በኩል ነው ያገኟት፤ አንቺን ብቻ ነው ያልነገሩሽ» አለችኝ። ዕዳ አለብኝ፤ በሕይወቴ እውነቱን የነገረኝ የመጀመሪያዋ ሰው እሷ ናት።

ጥፋት ባለቤት ሲያጣ የቤቱን ትንሽ ሰው ፈልጎ ያርፍበታል። ሳያ ታውንግ በክብር አርጅቶ ሞተ። ገጹን የዘነጋው መሥሪያ ቤት አንድ መስመር ይቅርታ አልጻፈም። አባቴም ሞተ። ኮ ፖም ሞተ። ቅዳሜ ግን በየሳምንቱ ትመጣለች።

አሁን ውጤት በስልክ ይታያል፤ ወረቀቱም ለደንቡ ያህል ይለጠፋል። እናቴ ግን በየዓመቱ፣ ውጤት በሚወጣበት ቀን፣ ጃንጥላዋን ይዛ ወደ ሰሌዳው ትሄዳለች። እኔ ያን ሰሞን ከያንጎን መጥቼ ቤት ከሆንኩ፣ «አንቺ ዛሬ ቤት ቆዪ፤ ዝናብ ነው» ትለኛለች። ቀስ ብላ፣ አለስልሳ። ዕድሜዬ ሃምሳን አልፏል። ባለፈው ዓመት ተከትያት ሄድኩና ከአጥሩ ቀዳዳ አየኋት። ጣቷን ወረቀቱ ላይ አድርጋ ታወርዳለች። ወረቀቱ አለቀ። ጣቷ ባዶው ጣውላ ላይ ወረደ።

ዘንድሮ የቀድሞ ተማሪዎች ለትምህርት ቤቱ አንጋፋ መምህራን ተንበርክከው በሚሰግዱበት በዓል ላይ የተማሪዎቹ ተወካይ ሆነሽ ስጦታውን አቅርቢ፣ ተናገሪ አሉኝ። መጣሁ። ሳያጂ ኡ ዋይ ሊን ዘጠና ሊሞላቸው ነው፤ ከፍ ያለ ወንበር ላይ፣ አንገታቸው ላይ የጃስሚን አበባ ተደርጎላቸው ተቀምጠዋል። አዳራሹ በሙሉ እጁን አጣምሮ ተንበርክኳል። እናቴ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ናት፤ ጉልበቷን ስለሚያማት ትራስ አድርገውላታል። የቆምኩት እኔ ብቻ ነኝ።

«ኒኒ፣ ተንበርከኪ እንጂ» አለኝ አስተባባሪው ከጀርባዬ። «ሰው እያየ ነው።»

«ይይ» አልኩት።

የሰማሁት በስምንት ዓመቴ፣ በመስኮት ሥር ነው። ጠበቃ ነኝና ይህ ምስክርነት ችሎት ፊት እንደማይቆም ከማንም በላይ አውቃለሁ። ከሞቱት በቀር የሚያውቁት እኚህ ሰውዬ ብቻ ናቸው። እናቴም ከዚህ በኋላ ስንት ክረምት ወደ ሰሌዳው እንደምትሄድ አላውቅም።

ማይክሮፎኑን ይዤ ወደ ወንበሩ ተጠጋሁ።

«ሳያጂ፣ ማላ የምትባል ተማሪ ነበረችዎት። ታናሽ እህቷ ነኝ፤ የቅዳሜዋ። አንድ ጊዜ አባቴ ማጅራቴን ይዞ አንበርክኮልዎታል። ዛሬ በገዛ ጉልበቴ እንድንበረከክልዎ ከፈለጉ አንድ ነገር ይመልሱልኝ። ያን ዕለት ጠዋት፣ ወረቀቱ ሰሌዳው ላይ ሳይለጠፍ፣ የመጨረሻው ገጽ እንዳልመጣ ያውቁ ነበር ወይስ አያውቁም ነበር? በጆሮዬ አይንገሩኝ። ማይክሮፎኑ ይኸው። እናቴ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ናት፤ እሷ እንድትሰማ አድርገው ይመልሱ።»